ስለ ንግድ ቤቶች ስምና ስለ ምልክቶቹ አጻጻፍ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአገራችን አባባል የሚነገረው ስለ ሰው ስም ነው። በዘመናችን ግን ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም የንግድ ማኅበር የሚያቋቁም ሰው ሁሉ ለድርጅቱ ስም ለማውጣት ከዘመድና ከወዳጅ ጋራ ሲመካከር ይሰነብታል። አንዱ የልጁን ስም ይሰጣል፤ አንዱ የተወለደበትን ቀበሌ ያስታውሳል፤ ሌላውም ወደ ፊት የሚመኘውን ሀብትና ስፋት በስሙ ውስጥ ያኖራል። ስሙ ከወጣ በኋላ ግን በምን ዐይነት ፊደልና በምን ምልክት እንደሚጻፍ የሚጨነቅለት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህም መልአክ ያወጣው ስም በታፔላ ጸሐፊ እጅ ሲበላሽ በየከተማው እናያለን።

የሥርዐተ ነጥብ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ሰው ነገሩን የሰዋስው መምህራን ጭቅጭቅ አድርጎ ይቈጥረዋል። «ቃሉ ከታወቀ ነጥቡና ጭረቱ ምን ያደርጋል?» ይላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን በስም ላይ ያለች ምልክት ጌጥ ሳትሆን የስሙ አካል መሆኗን ማስረዳት ነው። አካል ያልሆነችውን መጨመር፣ አካል የሆነችውን መጣል ሁለቱም ስሕተት ቢሆኑም፣ የሚያስከትሉት ጉዳት ግን እኩል አይደለም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በካቺሲ ከተማ ያየሁት አንድ ታፔላ ነው። ካቺሲ በምዕራብ ሸዋ የጊንደበረት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ጊንጪ ላይ ትቶ በጀልዱ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ይደርስባታል። ከእርሷ ወዲያ አገሩ እያዘቀዘቀ ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከወንዙም ማዶ ጎጃም ነው። በታፔላዎቿ ላይ ሦስት ቋንቋዎች ተደራርበው ይነበባሉ። ኦሮምኛው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል፣ ዐማርኛው በግእዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛውም በራሱ አጻጻፍ ይሰፍራል። ሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ቆርቆሮ ላይ ሲገናኙ የየራሳቸውን ምልክት ይዘው ይመጣሉ፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የዚያን ንግድ ቤት ሙሉ ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ከስሙ ውስጥ ግን አንዱ ቃል በኦሮምኛ «ሰፊ» ማለት የሆነው «በልኣ» ነበር። ይህ ቃል በቁቤ ሲጻፍ ከላሜዷ በኋላ አንዲት ትንሽ ጭረት ከላይ ትሰቀልለታለች። በታፔላው ላይ ግን ጭረቷ የለችም። ያለ ጭረቷ የተጻፈው ቃል «በላ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጓሜውም «መዓት»፣ «መቅሠፍት» ማለት ነው። ባለቤቱ ስፋትን ተመኝቶ ያወጣው ስም በበሩ ላይ መዓትን የሚጠራ ሆኖ ቀረ። ይበልጥ ያስገረመኝ ደግሞ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ መስመር ነው። በዚያ መስመር «ጫማዎች» ለማለት ብቻ በተጻፈው ቃል መጨረሻ ላይ፣ ከብዙ ቍጥር ፊደሉ በፊት፣ ምንም ሥራ የሌላት ጭረት ተሰክታለች። ጭረቷ ከምትፈለግበት መስመር ተነሥታ ወደማትፈለግበት መስመር የወረደች ያህል ነው።

ባለሱቁን ስለ ነገሩ በጠየቅሁት ጊዜ እንዲህ አለኝ። «እኔስ በወረቀት ላይ አድርጌ ሰጥቼው ነበር። ጸሐፊው ግን ‘ከላይዋ ያለችው ዝንብ ያረፈባት ትመስላለች፤ ታፔላውን ታበላሻለች’ ብሎ ተዋት። የእንግሊዝኛዋን ግን ያምራል ብሎ ራሱ ጨመራት።» በዚህ ሰው አነጋገር ውስጥ የጉዳዩ ምሥጢር ሁሉ ተጠቃሎ ይገኛል። ጭረቷ በአንደኛው ቋንቋ እንደ ቈሻሻ፣ በሁለተኛው እንደ ጌጥ ተቈጥራለች። በሁለቱም መስመር ሥራዋ ምን እንደ ሆነ የጠየቀ የለም።

አብሮኝ የነበረው የኦሮምኛ መምህር ነገሩን ከእኔ ይልቅ በመረረ ስሜት ተመለከተው። «በክፍል ውስጥ ይህችን ጭረት የረሳውን ልጅ ነጥብ እቀንስበታለሁ» አለኝ። «እርሱ ደግሞ ‘ባርሲሳ፣ ትልቁ ታፔላ ላይ እኮ እንዲህ ነው የተጻፈው’ ይለኛል። ታፔላው ሦስት ሜትር ይሆናል፤ የእኔ ጠመኔ ጣት አታህልም። ልጁ ማንን ይመን?» ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መጽሐፍ በብዛት በማይገኝበት ከተማ ለልጆች ሁለተኛው የንባብ መጽሐፍ ታፔላ ነው። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድም፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስም ያነበዋል። መምህሩ በቀን አርባ ደቂቃ ያስተማረውን ታፔላው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያፈርሰዋል።

ስለ ጭረቷ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። በቁቤ አጻጻፍ ሁዻ ትባላለች። ሥራዋም በጉሮሮ ውስጥ ለአፍታ የሚቋረጠውን ድምፅ ማመልከት ነው። ይህ ድምፅ በኦሮምኛ ቃልን ከቃል ይለያል፤ «በልኣ» እና «በላ»ን እንዳየነው። ከዚህም በቀር ሁለት የተለያዩ አናባቢዎች ተከታትለው በሚመጡበት ጊዜ ድንበራቸውን የምታስከብር እርሷ ናት። ለምሳሌ «ጥቅም»፣ «ትርፍ» ማለት የሆነው «ቡኣ»፣ «ዛሬ» ማለት የሆነው «ሀርኣ»፣ «ፍየል» ማለት የሆነው «ሬኤ» ሁሉም በቁቤ ሲጻፉ ሁዻ ያስፈልጋቸዋል። «ሬኤ» የሚለው ቃል ያለ ሁዻ ቢጻፍ ሦስት አንድ ዐይነት አናባቢዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ በቁቤ ደግሞ እንዲህ ያለ ድርድር ከቶ የለም። የፍየል ሥጋ የሚሸጥ ሰው በታፔላው ላይ ይህን ቢጽፍ አንባቢው ፍየል ሳይሆን የሚያየው የተጎተተ ድምፅ ነው።

ቀድሞ ኦሮምኛ በግእዝ ፊደል ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ የተረጐመውና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ነበር፤ በደርግ ዘመንም የበሪሳ ጋዜጣ በዚሁ ፊደል ታትሟል። በግእዝ ፊደል ውስጥ የጉሮሮውን ድምፅ አ ራሷ ትሸከመዋለችና ልዩ ምልክት አያሻትም። በአንጻሩ ደግሞ የግእዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን፣ የአናባቢንም ርዝመትና እጥረት አይለይም። ቁቤ ይህን የፊደል ድርብ በመጻፍ ይለየዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ አጻጻፍ የጐደለው ነገር አለ፤ ያለውም ኃይል አለ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ ሆኖ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ሲሠራበት ሁዻም አብራ የፊደሉ አባል ሆናለች። አባልነቷን ገበታው ላይ ተቀብሎ ታፔላው ላይ መካድ አይገባም።

በዚህ ላይ አንዳንድ ውጭ አገር የተማሩ ወዳጆቻችን የሚያነሡት ክርክር አለ። «በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ታላላቅ ድርጅቶች ጭረቱን ከስማቸው እየጣሉ ነው፤ ለምን በእኛ ላይ ይጠብቃል?» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ዋተርስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ መጻሕፍት ሻጭ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ከመሥራቹ ስም በኋላ የነበረችውን ጭረት ጥሎአል። በካናዳ ቲም ሆርተንስ የሚባለው ቡና ቤት በኩቤክ ክፍለ አገር የፈረንሳይኛ ቋንቋ ሕግ ምክንያት እንዲሁ አድርጓል። የአሜሪካ የቦታ ስሞች ቦርድም ከ1890 አንሥቶ በቦታ ስሞች ላይ የባለቤትነት ጭረት እንዳይገባ ሲከለክል ቆይቷል፤ የፈቀደላቸውም በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

ነገር ግን ምሳሌው ከእኛ ጉዳይ ጋራ አይገጥምም። የእንግሊዝኛዋ ጭረት በንግድ ቤት ስም ላይ የምታመለክተው ባለቤትነትን ነው፤ የራሷ ድምፅ የላትም። ብትኖርም ባትኖርም ስሙ በአፍ ሲጠራ አንድ ነው። ሰዎቹ የጣሉት ለዐይን ብቻ የምትታይ ምልክት ስለ ሆነች የስሙ ድምፅና ትርጓሜ አልተነካም። ሁዻ ግን የምትሰማ ናት። እርሷን መጣል ከ«ሰፊ» ላይ አንድ ፊደል ነቅሎ ሌላ ቃል እንደ ማድረግ ያለ ነው። እንግሊዞች የማያስፈልገውን ስለ ጣሉ እኛ የሚያስፈልገንን እንጣል ማለት፣ ጎረቤት ጃንጥላውን አጥፎ ገባና እኔም ጣሪያዬን ልንቀል እንደ ማለት ነው። እንዲያውም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሰዎች ብዙ ቍጥርን ለማመልከት ጭረት ማስገባትን ራሳቸው ይስቁበታል፤ በገበያ የአትክልት ሻጮች ዘንድ ስለሚበዛም «የአትክልት ነጋዴ ጭረት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በካቺሲው ታፔላ ላይ እንደ ጌጥ የተጨመረችው እንግዲህ ይህችው የተሳቀባት ጭረት ናት።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ኦሮምኛው መስመር ነው። የዐማርኛው መስመርም ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። ዐማርኛ በስሞቹ ላይ ጭረት አያስፈልገውም፤ እዝባር ግን ወርሮታል። እዝባር ቃልን ለማሳጠር የምናስገባት ያዘመመች መስመር ናት። ትምህርት ቤት «ት/ቤት»፣ ጽሕፈት ቤት «ጽ/ቤት»፣ መሥሪያ ቤት «መ/ቤት» ሆነው በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከተለመዱ ቆይተዋል። እነዚህ በሁሉ ዘንድ የታወቁ ስለ ሆኑ ክፋት የለባቸውም። ክፋቱ የመጣው እዝባር ከደብዳቤ ወጥታ ወደ ስም በገባች ጊዜ ነው። አንድ ምግብ ቤት ታፔላው ላይ «ም/ቤት» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። መንገደኛው ምክር ቤት ነው ብሎ ቢገባ በማን ይፈረዳል? «ም» ብቻዋን ምክር፣ ምክትል፣ ምግብ ልትሆን ትችላለች። ከሁሉ የከፋው «ም/ሸዋ» የሚለው ነው። ምዕራብ ሸዋም ምሥራቅ ሸዋም በ«ም» ይጀምራሉ። አምቦን የሚፈልግ ደብዳቤ ወደ ስምጥ ሸለቆው በኩል ቢሄድ ጥፋቱ የፖስታ ቤት አይደለም፤ የእዝባሯ ነው።

በሰው ስም የተሰየመ ንግድ ቤት ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። «ተ/ማርያም» የሚለውን ያነበበ ሰው ተክለ ማርያም ይበል ወይስ ተስፋ ማርያም? «ወ/ሥላሴ»ስ ወልደ ሥላሴ ነው ወይስ ወለተ ሥላሴ? በመጨረሻው ምሳሌ ሴትና ወንድ እንኳ አይለይም። ንግድ ቤቱን ያቋቋመችው እናት ብትሆን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቿ ታፔላውን አይተው ወንድ አያት ይፈልጋሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ ነገር ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው ሙሉ ስም እንጂ በእዝባር የተቈረጠ ስም አይደለም።

የንግድ ማኅበራት ስም ደግሞ የዚህ በሽታ ዋና ማደሪያ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ያቋቋመውና በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የተቀበለው አንድ የማኅበር ዐይነት «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ይባላል። እነዚህ አራት ቃላት ትርጉም አላቸው። ማኅበሩ ቢከስር የአባላቱ ዕዳ ካዋጡት ገንዘብ እንደማያልፍ ለሚዋዋለው ሰው ሁሉ ይነግራሉ። እንግዲህ ቃላቱ ለጌጥ የተጻፉ ሳይሆኑ ማስጠንቀቂያ ናቸው። በታፔላ ላይ ግን «ኃ/የተ/የግ/ማ»፣ «ኃላ.የተ.የግ.ማ»፣ «ሃ/የተ/የግ/ማ» እየተባሉ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ በየዐይነቱ ይጻፋሉ። አንዱ በእዝባር፣ አንዱ በነጥብ፣ አንዱ በተሳሳተ ሀ። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ ሰው ማኅበርን ስለ ፈቀደ ስሙ ይበልጥ ረዝሟል፤ ስሙ በረዘመ ቍጥርም እዝባሮቹ ይበዛሉ። ከገበሬ ማኅበር መጥቶ እህል የሚያስረክብ ሰው ከእነዚህ ስብርባሪ ፊደላት ምን ማስጠንቀቂያ ሊያገኝ ይችላል?

የኦሮምኛውም ትርጕም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። «የተወሰነ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ «ሙርታኤ» ነው፤ በቁቤም ሲጻፍ በመካከሉ ሁዻ አለችበት። ስለዚህ ሁዻ በተጣለች ቍጥር የሚበላሸው የባለቤቱ የፈቃድ ስም ብቻ አይደለም፤ ሕግ ያዘዘው የማኅበሩ ዐይነት መጠሪያ ጭምር ይበላሻል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳት እንዳይመስል አንድ የማውቀውን ልናገር። አንድ ነጋዴ ወዳጄ የድርጅቱ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ በሙሉ፣ በማኅተሙ ላይ በእዝባር፣ በሒሳብ ደብተሩ ላይ በነጥብ ተጽፎ ነበር። ገንዘብ ለመቀበል በሄደበት አንድ ቤት «ሦስቱ አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጣ» ተባለ። ደብዳቤውን ለማምጣት የሄደበትም መሥሪያ ቤት በበኩሉ ስሙን በአራተኛ ዐይነት ጽፎ ሰጠው። ሰውየው ያለ ጥፋቱ የሁለት ሳምንት ሥራ ተቃጠለበት። የአንዲት ነጥብ ዋጋ ስንት ነው ቢባል ይህን ያህል ነው።

ጥፋቱን በታፔላ ጸሐፊው ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነበር፤ ፍትሕ ግን አይሆንም። እርሱ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሦስት ቋንቋ እንዲያውቅ ማንም አላስተማረውም። ዛሬ ደግሞ ብዙው ታፔላ በብሩሽ ሳይሆን በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ ይታተማል፤ ማሽኑም የራሱ ጠባይ አለው። ጭረቷን አንዳንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ፣ አንዳንድ ጊዜ አጕብጦ ይጽፋታል፤ አልፎ አልፎም ጥቅስ የሚከፈት መስሎት ፊቷን ያዞራታል። በአንዱ ቅርጽ የተመዘገበውን ስም በሌላው ቅርጽ የፈለገ ሰው ከመዝገቡ ሊያጣው ይችላል። ከፊደልና ከቍጥር በቀር ምልክትን ጭራሽ የማይቀበሉ መዝገቦችም አሉ። በእነዚህ መዝገቦች ፊት «በልኣ» የተባለው ሁሉ ሳይወድ «በላ» ይሆናል። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ጭረቷን የሚያውቋት በእንግሊዝኛ ጠባይዋ ስለ ሆነ እንደ ትርፍ ነገር ቢቈጥሯት አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ካላስረዳናቸው የሚፈረደው በእኛ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልጠይቅም። በመጀመሪያ፣ የንግድ ስም የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ከማተሙ በፊት ስሙን በከተማው ካሉት የቋንቋ መምህራን ለአንዱ ቢያሳይ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ካቺሲን በመሰለች ከተማ መምህሩና መዝጋቢው በየቀኑ በመንገድ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሁዻ በማናቸውም መዝገብ ውስጥ እንደ ፊደል ትቈጠር፤ እርሷን የማይቀበል መዝገብ ካለም ይስተካከል። ሦስተኛ፣ በታፔላና በማኅተም ላይ የድርጅቱ ስምና የማኅበሩ ዐይነት በሙሉ ይጻፉ፤ ቦታ ከጠበበ የስልክ ቍጥሩና የአበባው ሥዕል ይነሡ እንጂ ስሙ አይቈረጥ። አራተኛ፣ ባለቤቱ ለታፔላ ጸሐፊው ከፈቃዱ ላይ ፊደል በፊደል የተገለበጠ ናሙና ይስጥ፤ ሥራው ሲያልቅም ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት ከናሙናው ጋራ ያስተያየው።

«ስም የባለቤቱ ነው፤ እንደ ወደደ ይጻፈው» የሚል ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። ይህንም አሳብ አከብራለሁ። ባለቤቱ የፈለገውን ስም ማውጣት መብቱ ነው፤ የፈለገውን ፊደልም ሊመርጥ ይችላል። በካቺሲ ያየሁት ሰው ግን የመረጠው ሌላ፣ በበሩ ላይ የተሰቀለለት ሌላ ነው። መብቱን የወሰደበት ሕግ አይደለም፤ «ዝንብ ትመስላለች» የተባለችው ምልክት አለመታወቋ ነው። ለእርሱ ስሙን በትክክል እንዲጻፍለት መርዳት መብቱን ማስከበር እንጂ መንካት አይደለም።

በመጨረሻ ለመምህራንና ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በየከተማችሁ ያለውን አንድ መንገድ መርጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታፔላዎቹን አንብቡ፤ በእያንዳንዱም ላይ የጐደለውንና የተረፈውን ምልክት ጻፉ። ከዚያም ወደ ባለቤቶቹ ቀርባችሁ በትሕትና አስረዱ። ነቀፌታውን በክፍል ውስጥ ብቻ ብንናገረው ታፔላው አይሰማንም። የካቺሲው ባለሱቅ ነገሩ በተገለጠለት ጊዜ አልተቈጣም። «እንግዲያውስ ነገ ብሩሽ አስመጣለሁ» ነበር ያለው። አንዲትን ጭረት ለመሳል የሚፈጀው ቀለም ጠብታ አያህልም፤ ከዚያች ጠብታ በኋላ ግን በዚያ በር ላይ የሚነበበው መዓት ሳይሆን ስፋት ይሆናል።